ለሁለት ሰው ብቻ፦ በቡታጅራ መስመር ስለሚደረግ የፍቅር ጉዞ

ይህ ጥናት የሚመለከተው ባልና ሚስት ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ሐይቅ ዳር ወጥ ቤት ያለው ጎጆ ተከራይተው፣ ራሳቸው አብስለው በልተው፣ ዘመድ ሳያያቸው እሑድ ማታ ለመመለስ የሚያወጡትን ዕቅድ ነው።

ሌላው የጉራጌ መስመር የወልቂጤው ነው፤ ወልቂጤ ግን ሐይቅ ስለሌላት በክብር እናልፋታለን። በዚያ መስመር ሐይቅ የሚሻ ወሊሶ ላይ ወደ ወንጪ ይታጠፋል፤ ከታጠፈም ወልቂጤን አያያትም። በቡታጅራ በኩል ግን ሐረ ሸይጣን አለ፤ እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ። ወደዚያ ሲኬድ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ ተቃቅፎ ፎቶ መነሣት ደንብ ነው። ቦታው መቃብር መሆኑ ትዝ የሚለው ከፎቶው በኋላ ነው።

ተጓዦች በስንቃቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ፓስታና ቱና የያዙ፣ ቡታጋዝ ይዘው ክብሪት የረሱ፣ «እዚያው እንገዛለን» የሚሉ። ይህ ክፍፍል ምንም ስለማይፈይድ እንተወዋለን። የሚፈይደው ከሁለቱ ተጓዦች አንዱ ጉራጌ መሆን አለመሆኑ ነው። ካልሆነ ጥናት አያሻም፤ ፓስታቸውን በልተው ይመለሳሉ። ከሆነ ግን ቡታጅራ ላይ አክስት አሉ።

አክስት የግድ የእናት ወይም የአባት እኅት አይደሉም፤ የእናትን ሠርግ የበሉ ሁሉ ይበቃሉ። መኪናዋን ባጃጅ ነጂ አይቷታል፤ የቀረው የስልክ ጉዳይ ነው። ሐይቁ ከከተማው ወጣ ብሎ በስልጤ ዞን መሆኑም አያድንም፤ አክስት የዞን ወሰን አያውቁም። «ለመስቀል ካልሆነ አናይህም ማለት ነው?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የለውም። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሺ፣ ሰላም ብለንዎት እንወጣለን።»

ይህ «ሰላም ብሎ መውጣት» የተባለው የጉብኝት ዓይነት ተነጥሎ ሊጠና ይገባዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ሞተር አይጠፋም፤ ደረጃው አክስት በር ላይ ሲደርሱ ያበቃል። ሁለተኛው የቁም ሰላምታ ሲሆን፣ የወለደውም የታመመውም የሞተውም በየተራ ይነሣል። ይህን ሁሉ ሞት ቆሞ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ቁጭ ይባላል፤ ሦስተኛው ደረጃ ይህ ነው። ቁጭ ካሉ ደግሞ ቡና አለ። «ቡና ብቻ» ይባላል። ቡናው ግን ገና ጥሬ ነው፤ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል። አቦል ላይ ሰዓቱን ያየ እንግዳ አለ፤ በረካን ሳይጠጣ የወጣ የለም።

ቶና ላይ ከጓዳ የቢላ ድምፅ ይሰማል። መክተፊያ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚወርድ፣ ግን የማይቸኩል ቢላ። ስልኩ እንደተዘጋ አንድ ልጅ ወደ ሉካንዳ መሮጡ የሚታወቀው ያኔ ነው። ክትፎው በጣባ ይቀርባል፤ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ የታሸ፣ አይብና ጎመን ከጎኑ፣ ስስ ቆጮ ከነሙቀቱ። ሚስት አዲስ አበቤ ከሆነች «ለኔ ለብለብ ቢሆንልኝ» ትላለች። አክስት ቀና ብለው ያዩዋታል። ምንም ሳይናገሩ ጣባውን አንሥተው ይገባሉ። ሲመለሱ ክትፎው ያው ነው፤ የሞቀው ጣባው ነው።

በአክስት መፍረድ አይቻልም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ማሠራት የጀመረው ልጁ አገር ቤት እንዲገባበት ነው፤ በደጃፉ ሽው ብሎ ቱና ሊበላ እንዲሄድበት አይደለም።

አራተኛው ደረጃ ምርቃት ነው። አምስተኛው... ከዚህ በኋላ ደረጃው ቢቀር ይሻላል፤ መሽቷል። የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ገብቷል፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ ሉካንዳ የሮጠው ልጅ ተቀምጧል፤ «መንገድ ያሳያችሁ» ተብሎ። መንገዱ አንድ ነው። ልጁ ጎጆውን ዞሮ አየ፣ የሚሻለውን አልጋ መረጠ፣ ከዚያ የስንቁን ካርቶን ከፈተ።

«ፓስታ አላችሁ እንዴ?» አለ። «በናታችሁ ቀቅሉልኝ፤ ክትፎ ሰልችቶኛል።»