ቃል አባዩ አስጎብኚ

ማይክሮፎን ባይፈጠር ኖሮ ደህና ሰው ይወጣኝ ነበር። መከራዬ የሚጀምረው ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰበካ ጉባኤው የሕንፃ መግዣውን ነገር ሲያነሣ ነው። እጄ እኔን ሳያማክር ይነሣል፤ አፌ ደግሞ እጄን ይቀድመዋል። «አምስት መቶ ፓውንድ!» እልልታው ይቀልጣል፣ እናቶች ይመርቁኛል፣ ስሜ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ የምታውቀው ገንዘብ ያዣችን ናት። ስትደውል ወይ መንገድ ላይ ነኝ፣ ወይ ስብሰባ ላይ ነኝ። አንዴማ ስልኩን ቤት ረስቶ የወጣ ሰው ወንድም መስዬ አነጋግሬያታለሁ። ወንድም የለኝም።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እንደ ብዙዎቹ የውጭ አገር አጥቢያዎች የራሳችን ሕንፃ ስለሌለን የምንቀድሰው ከአንግሊካኖች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከበሮውንና መቋሚያውን በየሳምንቱ እናስገባለን፣ በየሳምንቱ እናስወጣለን። ስለዚህ የራስ ቤት ይኑረን የሚለው ምኞት የእውነት ነው፤ ውሸቱ ያለው እኔ ጋ ነው። ኮሚቴው ለገቢ ማሰባሰቢያ ወደ ማልቨርን ጉዞ ሲያዘጋጅም፣ ገንዘቡን በዕውቀት ላካክስ ብዬ አስጎብኚ ሆንኩ። ዕውቀቱም እንደ ገንዘቡ ነበር።

ማልቨርን በዉስተርሺር ግዛት፣ ከኮረብታ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የኛ ሰው የሚያውቃት በጃንሆይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ቤታቸው ባዝ ከተማ ቢሆንም ማልቨርን ብቅ ይሉ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ክላረንደን ትምህርት ቤት ተምረዋል። ያረፉበት አቤይ ሆቴል እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2011 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቅሎለታል፤ በምረቃው ላይ ራስ ተፈሪያውያን ከበሮ መትተዋል። ከሆቴሉ አጠገብ ከተማዋን የሚያህል አሮጌ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ጥንት ገዳም ነበር፣ ዛሬም ሰዉ ፕራዮሪ ይለዋል።

አውቶቡሱ ማይክሮፎን ነበረው። «ምዕመናን፣ በግራ በኩል የምታዩት ጃንሆይ በየሰንበቱ ያስቀድሱበት የነበረው ታላቁ ገዳም ነው!» አልኩ። እልል ተባለ። ከኋላ ወንበር አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስልኳን እያየች፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ የሚሄዱት ሊንክ ቶፕ ወዳለው ሆሊ ትሪኒቲ ነበር ይላል» አለች። ልክ ናት። የጃንሆይ ስም የሚነሣው ከሊንክ ቶፑ ቅድስት ሥላሴ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ያረፉበት ካቴድራልም ቅድስት ሥላሴ ነው። ይህን የመሰለ እውነተኛ ግጥምጥሞሽ ተቀምጦልኝ የራሴን ፈጠራ መረጥኩ። ደግሞ መች ተመለስኩ! «ሁለቱም ጋ ይሄዱ ነበር፤ በቃል የወረደ ታሪክ ነው» አልኩ። ቃሉ የወረደው ከኔው አፍ መሆኑን አልጨመርኩም።

የፕራዮሪውን ታሪክ በወጉ ያነበብኩት ከጉዞው ስመለስ ነው፤ ከፈተና በኋላ እንደሚያጠና ተማሪ። ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ ታሪኩ እኔን እያየ የተጻፈ መሰለኝ።

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ልቁጠረው። በ1085 ገደማ አልድዊን የሚባል መነኩሴ ለቤኔዲክት ሥርዓት ገዳም መሠረተ። ዛሬም መካከሉን ተሸክመው የቆሙት ወፋፍራም ክብ የድንጋይ ዓምዶች የዚያ የመጀመሪያው ሕንፃ ናቸው። ከነሱ በላይና ዙሪያ የሚታየው አብዛኛው ከ1440 እስከ 1500 ባለው ጊዜ እንደገና የታነጸ ነው፤ መነኮሳቱ በዚያ ዘመን መስኮቱን ሁሉ ባለቀለም መስታወት አለበሱት። በሰሜኑ ክንፍ ያለው ትልቅ መስኮት፣ እኛ «ታዐብዮ ነፍስየ» ብለን የምንደግመው የእመቤታችን ጸሎት የተሣለበት፣ የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ስጦታ ነው። ንጉሡና ልጁ አርተር ከሥር ተንበርክከው ይታያሉ።

ሌላው ልጁ ሄንሪ ስምንተኛ ግን ከሮም ተለይቶ ገዳማቱን ሁሉ ሲዘጋ አባቱ መስኮት ያሠራለትንም አልማረም። የዉስተሩ ጳጳስ ሂዩ ላቲመር በ1538 ለንጉሡ ባለሟል ለቶማስ ክሮምዌል ደብዳቤ ጽፎ፣ ይህ ቤት እንኳ ለትምህርት፣ ለስብከትና ለእንግዳ መቀበያ ይቅር ብሎ ለምኖ ነበር። የሰማው የለም። መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ከመሠዊያው በስተጀርባ የነበረው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ፈረሰ፣ የደቡቡ ክንፍ ፈረሰ፣ የመነኮሳቱም መኖሪያ ፈረሰ።

የቀረው እንዳይፈርስ ያደረጉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። አጠገቡ ቅዱስ ቶማስ የሚባል የራሳቸው አጥቢያ ነበራቸው፤ እሱ አርጅቷል። እሱን ከሚጠግኑ ትልቁን እንግዛ ተባባሉና በ1541 ገዙት። በስንት? በ20 ፓውንድ። ዛሬ በ20 ፓውንድ ለሁለት ሰው ክትፎ አይገኝም፤ ያኔ ግን ለኮረብታ ሥር ገበሬ የዋዛ ገንዘብ አልነበረም። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ቢሆን ብድግ ብዬ ብቻዬን መቶ ፓውንድ ቃል እገባ ነበር። ገዳሙም ዛሬ የድንጋይ ክምር ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍል ግን ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ስንፍና ነው ብዬ ስላሰብኩ። መንደሩ ድሃ ስለነበር ያን የሚያህል ሕንፃ መጠገን አልቻለም፤ ለብዙ ዘመን እየተጎሳቆለ ኖረ። ቅዱሳን ሥዕላት ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲነቀሉ የማልቨርን መስታወት የተረፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው ይባላል፤ አውርዶ በነጭ መስታወት ለመተካት ገንዘብ ያስፈልጋል። እንዲህ ሆኖ ከእንግሊዝ አገር ምርጥ ከሚባሉት የ15ኛው ክፍለ ዘመን መስታወቶች አንዱ ክምችት ተረፈ። ሕንፃውን ደግሞ በ1860 ጆርጅ ጊልበርት ስኮት የሚባለው ስመ ጥር አርክቴክት መጥቶ አደሰው። ይህን ይዤ ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ «አየህ፣ አንዳንዴ አለመክፈልም ቅርስ ያድናል» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ሃያውን ከፍለዋል» አለኝ። ጸሐፊያችን ብዙ አይናገርም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ውስጥ ስንገባ የመነኮሳቱን ወንበሮች አየን። ረጅም ጸሎት ቆመው ነበርና የሚጸልዩት፣ መቀመጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሥሩ ትንሽ የእንጨት መደገፊያ ብቅ ይላል፤ መነኩሴው የቆመ መስሎ ያርፍባታል። እኔ ስለ ጎቲክ ዘመን ስቀባጥር አብረውን የመጡት አባ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። «ይሄማ መቋሚያ ነው፤ እኛ በብብታችን እንደገፋለን፣ እነሱ ደግሞ በ...» ብለው ሳይጨርሱት ሳቁ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው ማብራሪያ እሱ ነበር።

በአንደኛዋ መደገፊያ ሥር አይጦች ተባብረው ድመት ሲሰቅሉ ተቀርጿል። በኛ ተረት አይጦቹ ስብሰባ ይቀመጡና ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል የሚያስር ሲጠፋ ይበተናሉ። የማልቨርኖቹ ከንግግር አልፈው ሠርተውታል። ገንዘብ ያዣችን ቅርጹን በስልኳ አነሣችውና ዞር ብላ አየችኝ።

ሌላው የከተማዋ ጌጥ ውኃዋ ነው። ከኮረብታው የሚወርደውን ንጹሕ ምንጭ ተማምነው በ1842 ጀምስ ዊልሰንና ጀምስ ጋሊ የሚባሉ ሐኪሞች የቀዝቃዛ ውኃ ሕክምና ጀመሩ፤ መንደሯን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። በሽተኛውን ጎህ ሲቀድ ቀስቅሰው በረጠበ አንሶላ ይጠቀልሉታል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይለቁበታል፣ ከዚያ ተራራ ያስወጡታል። እናቶች ይህን ሲሰሙ «እንጦጦ በለና!» ብለው ጄሪካናቸውን አነሡ። የቅድስት ሐና ምንጭ ያለው ከላይ ነው፤ መንገዱ 99 ደረጃዎች አሉት፣ ደረጃው ካለቀ በኋላም ዳገቱ አያልቅም። «እኔ እመራችኋለሁ» ብዬ ነበር። መራሁም፤ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ። ከዚያ ጉልበቴን ያዝኩና ቁጭ አልኩ። የሰባ ዓመት እናቶች ውኃ ተሸክመው ሲመለሱ እኔ ጥላ ሥር ነበርኩ፤ ከቀዱትም ለምኜ ጠጣሁ።

የፕራዮሪው ዐጸድ ውስጥ አንድ መቃብር አለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1849 ለራሱ ሕክምና ማልቨርን መጥቶ ተሽሎት ስለነበር፣ በ1851 የታመመች ልጁን አኒን አመጣት። ኤፕሪል 23 ቀን ሞተች፤ ዕድሜዋ አሥር ነበር። የመቃብሯ ድንጋይ ውድና መልካም ልጅ ነበረች ይላል። እኔ ስለ ዳርዊን ንግግር ነበረኝ፤ መጽሐፉን አንድ ገጽ ሳላነብ የተዘጋጀሁበት። «ይህ ሰው ማለት ሃይማኖትን...» ብዬ ስጀምር አንዲት እናት፣ «አንተ፣ ዝም በል እስቲ! ልጁ እኮ ናት የሞተችበት» አሉኝና ነፍስ ይማር አሉላት። ዝም አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ከታዘዝኩት ውስጥ የፈጸምኩት ያንን ብቻ ነው።

ጉዴ የፈላው ግን ልንወጣ ስንል ነው። ፕራዮሪው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳቱ ያሠሯቸው ከሺህ በላይ የሸክላ ንጣፎች አሉት፤ ብዙዎቹ ከመሠዊያው በስተጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ባለ ጋሻ አለ፣ ባለ አበባ አለ፣ ባለ ወፍ አለ። አንደኛው ላይ ግን ምክር ተጽፎበታል። ያቺው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ከስልኳ እያየች ወደ አማርኛ መለሰችው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕድሜህ የማያልቅ አይምሰልህ፤ በቁምህ በገዛ እጅህ ያደረግኸው ያንተ ነው፤ ለኑዛዜ አስፈጻሚ የተውኸው ግን ከደረሰልህ ዕድለኛ ነህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከጉዞው በፊት ገንዘብ ያዣችን መውጫ ስታሳጣኝ፣ «እኅቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? አምስት መቶውን በኑዛዜዬ አስገብቼዋለሁ» ብያት ነበር። ኑዛዜም የለኝም።

ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ገንዘብ ያዣችን ወደኔ አላየችም። «እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ» ብቻ አለቻት። ልጅቷም ጮክ ብላ ደገመችው። አባ ሳሉ። እኔ ቦርሳዬን አወጣሁ፤ ውስጡ 20 ፓውንድ ነበረች። የማልቨርን ሰዎችን አስቤ ሰጠኋት፤ እዚያው ደረሰኝ ቆረጠችና ከግርጌው «ቀሪ 480» ብላ ጻፈችበት።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከበርሚንግሃም ግሬት ማልቨርን ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ። ፕራዮሪው በነፃ ይጎበኛል፤ የቻለ ለጥገናው ይሰጣል። ሸክላዎቹን ከመሠዊያው በስተጀርባ ፈልጓቸው፣ ሊንክ ቶፕም ሳትደርሱ እንዳትመለሱ። አስጎብኚ ግን ሌላ ፈልጉ።