ዘመነ ቀብድ፣ ዘመነ ማፍረስ፣ ዘመነ ፍለጋ፦ የቤት እድሳት በጉለሌ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው በሦስት ዘመናት ውስጥ ያልፋል፦ ዘመነ ቀብድ፣ ዘመነ ማፍረስና ዘመነ ፍለጋ። የማጠናቀቅ ዘመን የሚባል አራተኛ እንዳለ በአፈ ታሪክ ቢነገርም፣ ይህ ጥናት በተጨባጭ ማስረጃ ላይ ብቻ ተወስኗል።

አካባቢው ለጥናቱ የተመቸ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ ካሉት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ናቸው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገር በገባው ባሕር ዛፍ ቆመው፣ በጭድና በጭቃ ተመርገው፣ ቆርቆሮ ለብሰዋል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ፎቶ ሊሰቅል አንድ ምስማር የመታ ሰው፣ ከምስማሩ ጋር የሚወርደውን ሲያይ ባለሙያ መጥራቱ አይቀርም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ የቀበሌ ተከራይ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ወረዳ ሄዶ የእድሳት ፈቃድ ይጠይቃል። ይህም ለኋላው የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ያለማምደዋል።

ዘመነ ቀብድ። መንግሥት የሕንፃ ተቋራጮችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 ሲመድብ ኖሯል። እኛ የምናጠናው ኮንትራክተር ከ10 በኋላ ያለው ነው። በዕድርተኛ ወይም በብሎኬት ሻጭ ጥቆማ ይገኛል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል፣ ሁለት ስልክ ይይዛል፣ «ኢንጂነር» ይባላል። ቤት እንደገባ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ በረዥሙ ይተነፍሳል። ቀጥሎ በሁሉም ቤት ያለ ልዩነት የተመዘገበው ጥያቄ ይመጣል፦ «ማዘር፣ ይሄን ማነው የሠራው?» ጥያቄው መልስ የሚሻ አይደለም። በአንድ ቤት ግን ማዘር «አንተ ነህ እኮ ልጄ» ብለው ስለመለሱ ጥናቱ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።

ከዚያ ቀብድ ይቆጠራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ ወገን እጥፉን ይመልስ ይላል። የእኛ ኮንትራክተር ውል አፍርሶ አያውቅም። የሚያፈርሰው ግድግዳ ብቻ ነው።

ዘመነ ማፍረስ። ቀብድ በተቆጠረ ማግስት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ኮርኒሱ ወርዶ፣ ሶፋው ሸራ ለብሶ በረንዳ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱን በትጋት የሚያስረዱ አሉ። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ጣሪያው የተነሣ ሰው ሌላ ባለሙያ እንደማያማርጥ ነው። ወዲያው የዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፦ ሲሚንቶ፣ ባለ 12 ፌሮ፣ 7 ቁጥር ምስማር፣ አንድ ቢያጆ አሸዋ። አሸዋው በር ላይ ይደፋል፤ የሰፈር ልጆችና ደንብ አስከባሪዎች ይሰበሰቡበታል።

ዘመነ ፍለጋ። ኮንትራክተሩ አይታይም። ስልኩን ግን ያነሳል፦ «መንገድ ላይ ነኝ ማዘር፣ አዲሱ ገበያ ደርሻለሁ።» አዲሱ ገበያና ሽሮ ሜዳ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቢሆኑም መንገዱ ሦስት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ለንጽጽር የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ታይተዋል። ሸማኔው በዋዜማው ሌሊትም ቢሆን ጥበቡን ለበዓል ያደርሳል። ኮንትራክተሩም «ለፋሲካ ታልቃለች» ይላል፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ ግን አይጠቅስም።

የጥናቱ ዋና ግኝት ሰውየው የት እንደሚውል ነው። የሚውለው ከማዘር በፊት ቀብድ የከፈለ ሰው ቤት ነው። እዚያ የሚነጠፈው ሴራሚክ የተገዛው በማዘር ቀብድ ነው፤ የዚያ ሰው ቀብድ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው ግድግዳ አስለስኗል። ማንም በገዛ ገንዘቡ ቤቱን አላሳደሰም። ነገሩ ዕቁብ ነው፤ ልዩነቱ ዳኛ የሌለው መሆኑና አባላቱም አባል መሆናቸውን አለማወቃቸው ነው። ሥርዓቱ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ባንክ ለአንድ እርሳስና ለሁለት ስልክ አያበድርም፤ ሲሚንቶም ዋጋ ተነጋግረው ቀብድ እስኪቆጠር ድረስ ሲጨምር ታይቷል።

ምክረ ሐሳብ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን የሚለው ምክር የታወቀ ነው፤ የሚፈጽመው ሰው ግን አልተገኘም። ሕጉም በአንቀጽ 3039 ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። እንግዲህ ርክክብን የሚያዘገይ ኮንትራክተር ሕግ አላወቀም ማለት አይቻልም። ከግኝቱ የሚከተለው ምክር አንድ ነው፦ ቤቱ እንዲያልቅለት የሚሻ ሰው ተረኛ ያምጣ።

ማዘር ይህን ያለ ጥናት ደርሰውበታል። አንድ ሰኞ ከሸራ በታች ቡና አፍልተው ጎረቤታቸውን ጠሩ፤ ከአቦል እስከ በረካም ስለ ኢንጂነሩ አወሩላቸው። «እጁ ወርቅ ነው። ደግሞ ሰው አክባሪ!» ጎረቤትየዋ ማክሰኞ ቀብድ ቆጠሩ። ረቡዕ የማዘር ኮርኒስ ተሰቀለ፤ የጎረቤትየዋም ወረደ።