የመርሳ ወለምታ

ከወልዲያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መርሳ በሰላም አደረሰኝ። የጣለኝ ከሚኒባሱ በር እስከ መሬት ያለችው ርቀት ናት። ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለ። ብርቱካን የምትሸጥ ሴት በርጩማዋን ለቀቀችልኝ፤ አላፊ አግዳሚው እግሬን በየተራ እየጨበጠ ይፈርድ ጀመር። «ተሰብሯል» ያለው ባጃጅ ነጂ በተለይ ደስ ያለው ይመስላል።

ወጌሻው ቅቤያቸውን ይዘው ሲመጡ ችሎቱ ተበተነ።

«አብሽር ልጄ፣ አጥንትህ ደህና ነው። ጅማትህ ነው።»

«በምን አወቁ አባባ?»

«አጥንት ቢሆን ኖሮ ጥያቄ አትጠይቅም ነበር።»

ትምህርት ቤት የሳልነው የእንስሳ ሕዋስ ትዝ አለኝ። ውስጡን ኒውክለስ፣ ማይቶኮንድሪያ እያልን በቀስት ሞላነው፤ ከሽፋኑ ውጭ ያለው ግን ባዶ ወረቀት ነበር። አሁን የሚያመኝ እንግዲህ ያ ባዶ ወረቀት ነው! ጅማት ውስጥ ሕዋስ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሕዋሶቹ ሠርተው ወደ ውጭ ያወጡት ኮላጅን ነው፤ ሦስት የፕሮቲን ክሮች እንደ ጠፍር ተገምደው። ጠፍርም ቢሆን ያው ቆዳ ነው፣ ቆዳም ያው ኮላጅን። በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው።

ዕፅዋት ሕዋሳቸውን በግድግዳ ያጥራሉ፤ የእንስሳ ሕዋስ ግድግዳ የለውም። የሚያቆሙት የውስጥ ምሰሶዎቹ ናቸው፤ 7 ናኖሜትር ከሚወፍረው የአክቲን ክር እስከ 25 ናኖሜትሩ ማይክሮቲዩቡል። (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው፤ ይህን ለወጌሻው አላነሳሁም።) ኢንቴግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ሽፋኑን አቋርጠው የውጩን ገመድ ከውስጡ ምሰሶ ጋር ያያይዛሉ። እግር ሲሳብ ሕዋሱም ውስጡ ድረስ ይሳባል።

ብርቱካን ሻጯም ከሕክምናው ውጭ አልነበረችም። ኮላጅን ጠብቆ እንዲገመድ ቫይታሚን ሲ የግድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ድድ ይደማል፣ የዳነ ቁስል እንኳ ሊከፈት ይችላል። ስከርቪ የሚሉት ይህን ነው። ፍየል ቫይታሚኑን በጉበቷ ትሠራለች፣ እኛ አንችልም። አጠገቤ የነበረችው ፍየል ግን የማያስፈልጋትን የብርቱካን ልጣጭ ትለቃቅም ነበር።

«ሁለት ኪሎ ልመዝንልህ?» አለች ሴትዮዋ።

ወጌሻው ጣልቃ ገቡ። «ብርቱካን ምን ያደርግለታል? የቅልጥም መረቅ ይጠጣ። ጅማትን የሚጠግነው ጅማት ነው።»

መረቅ ውስጥ በእርግጥ የቀለጠ ኮላጅን አለ፤ ግን ሆድ ይበታትነዋል እንጂ እንዳለ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።

«አባባ፣ ሆድ ሲገባ እኮ ወደ አሚኖ አሲድ…»

እግሬን ሳቡት። የቀረውን ዓረፍተ ነገር የመርሳ ሰው በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም፤ ቃል ግን አልነበረበትም። ሁለት ኪሎውንም ገዛሁ፣ መረቁንም ጠጣሁ።