ግራሶ የጠጣችው ፍሬዛ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቃሊቲ አካባቢ ሥራ ያቆመ አንድ ድርጅት ንብረቱን በሐራጅ እንደሚሸጥ ሰማሁና ሁለት ሞርሳና ጥቂት ፑንታ ለመግዛት ሄድኩ። ሞርሳውንም ፑንታውንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የገዛሁት አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን፣ ጠረጴዛዋ አልንቀሳቀስ ያለ፣ ርግብ የሰፈረባት ፍሬዛ ነው።

የንብረቱን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው «ሚሊንግ ማሽን» የሚለውን «የወፍጮ ማሽን» ብሎ ጽፎት ነበር። ስለዚህ ከእኔ በፊት ያዩዋት እህል ፈጪዎች ናቸው። ድንጋዩን ፈልገው ሲያጡ ትተዋት ሄዱ። እኔ ያገኘኋት ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ከተነቀለ ጣሪያ ሥር ነው። ከዝናብ ትዳን ብለው ጆንያ አልብሰዋታል፤ ጆንያው ግን ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ከዝናቡ ይልቅ የጎዳት እሱ ነው። ጫፉን ገለጥ ሳደርግ በኩስ የተሸፈነ ራስ፣ ከጎኑ የትራፓኖ የሚመስል እጀታ፣ ከሥሩ ረጅም ጠረጴዛ አየሁ። ልቤ ደነገጠ። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ እጄን ያፍታታሁባት ዓይነት ማሽን ናት፤ ብሪጅፖርት።

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ቶርኖ ሥራውን አዙሮ መቁረጫውን ያስጠጋል። ፍሬዛ ደግሞ መቁረጫውን አዙራ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረውን ሥራ በሥሩ ታሳልፋለች። የማርሽ ጥርስ፣ የሻጋታ ጉድጓድ፣ ዘንግ ላይ ቁልፍ የሚገባበት ቦይ፣ ሁሉም በእሷ ይወጣል። ብሪጅፖርት ኮነቲከት ውስጥ ያለ የአሜሪካ ከተማ ነው። ሩዶልፍ ባኖውና ማግነስ ዋልስትሮም የተባሉ ሁለት የስዊድን ስደተኞች የዚህችን ዓይነት ማሽን የመጀመሪያዋን የሸጡት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ራሷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል፣ ክንዷ ይወጣል ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያልቀዳት የለም ማለት ይቻላል። የእኔዋ እንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ የተሠራች መሆኗን የናስ ሰሌዳዋ ላይ አነበብኩ። ስዊድናውያን አሜሪካ ላይ ያሰቧት፣ እንግሊዞች የሠሯት ማሽን አዲስ አበባ ደርሳ ኩሽኔታዋን፣ ዳዶዋን፣ ብሎኗን በጣሊያንኛ ስም እየጠራን እንፈታታለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። እነዚህን ቃላት ያወረሱን ሰዎች ከሄዱ ስንት ዘመናቸው!

የመጀመሪያው ጥፋት የደረሰው ገና ከግቢው ሳንወጣ ነው። ብሪጅፖርት አናቷ ከባድ ነው፤ ሞተሩም፣ ራሱም፣ ክንዱም ያለው ከላይ ነው። ከመነሳቷ በፊት የራሷን ዳዶዎች አላልቶ ራሷን ወደታች መገልበጥ፣ ክንዷን ወደ ኋላ መሰብሰብ፣ ጠረጴዛዋን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አውቅ ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ጫኝና አውራጆቹ «ዝናቡ ሳይመጣ እናንሳት» ሲሉኝ ግን «እንዳለች ትሂድ» አልኩ። ከሥሯ የውሃ ቱቦ እያስገባን፣ እያንከባለልን አይሱዙው ድረስ አመጣናት። ሽቅብ በጣውላው ላይ ስትጎተት አንደኛው ጣውላ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ዘንበል አለች። ሰዎቹ ሁሉ በአንዴ ዞር አሉ። አንድም ሰው ሊደግፋት እጁን ባለመዘርጋቱ እስከ ዛሬ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ቢዘረጋ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። የመኪናው ጎን ተቀበላት። እጀታዋ ጎበጠ፣ ላሜራው ገባ።

የጫኞቹ አለቃ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው መጥተው፣ «ወንድሜ፣ ብረት ይተካል። የእነዚህን ልጆች እናት ማን ያጽናናልሃል?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። ራሷን ገለበጥኩ፣ ክንዷን ሰበሰብኩ፣ ከዚያ በሰላም ተጫነች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሳሪስ ያለው ወርክሾፔ ስትገባ የእህቴ ልጅ ቴክኒክ ጨርሶ አብሮኝ መሥራት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ጠረጴዛውን እናንቀሳቅስ ብለን መዘውሩን ያዝን። ንቅንቅ የለም። ዝገት ማላቀቂያ ረጨን፣ አደርን፤ የለም። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና መዘውሩ ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ ሰክቼ ተጫንኩት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። መዘውሩ ከወገቡ ለሁለት ተከፈለ። ጊዛ ነው፤ ጊዛ ደግሞ ከመጉበጡ በፊት ይሰበራል። ልጁ ስባሪውን አንስቶ አየኝ፣ ምንም አላለም። የዚያን ቀን ሥራ አቆምን።

ማታውኑ ያስተማሩኝን መምህር ደወልኩላቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጉለሌ ነው የሚኖሩት። በማግስቱ በሁለት ታክሲ መጡ። መዘውሩንም ጠረጴዛውንም አልነኩም። ባትሪ አምጡልኝ ብለው ተንበረከኩና ዘይት የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አዩ። ከአንዱ በስፒል ጫፍ ቡናማ ነገር አወጡ፤ እንደ ሻማ የጠነከረ።

«ማነው ግራሶ ያጠጣት?» አሉ።

«እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዝገቱን ተወው። በሽታዋ ይሄ ነው።»

እዚህ ላይ ዘግየት ብዬ ባስረዳ ደስ ይለኛል፤ የጽሑፌ ጉዳይም ይኸው ነውና። የዚህች ማሽን ጠረጴዛ የሚንሸራተተው በስስ ዘይት ላይ ነው። ከጎኗ አንዲት ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለች፤ ስትሳብ በቀጫጭን ቧንቧዎች ዘይት ወደ መንሸራተቻዎቹና ወደ ረጅሞቹ ጥርስ ዘንጎች ይሄዳል። በየቧንቧው መጨረሻ መጣኝ የሆነች ቁራጭ አለች፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ጠብታ ብቻ ታሳልፋለች። ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ነው። አንድ ሰው ፓምፗ ስትበላሽ ነቅሎ የግራሶ ጡት ገጠመበትና በግራሶ ሽጉጥ ሞላት። ግራሶ በሳሙና የተያዘ ዘይት ነው። ዘመን ሲያልፍ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል፣ ሳሙናው ይቀራል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ፣ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ዘይት ቢያፈስ፣ አንዲት ጠብታ አታልፍም። ማሽኗ በደረቁ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ አንድ ቀን ትነክሳለች። ያን ጊዜ «አለቀላት» ተብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ያ ሰው ሰነፍ ነበር ብዬ አላስብም። ሰነፍ ሰው ግራሶ ሽጉጥ አያነሳም። ምናልባት በዚያ ግቢ ከሁሉም በላይ የሚያስብላት እሱ ነበር፤ በየሰኞው ጧት እየመጣ በደንብ ይሞላት የነበረ። የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ በገዛ እጁ ጉሮሮዋን ዘጋው። ይህ ከዝገቱ ይልቅ አሳዘነኝ።

ማጽዳቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። የጎን ማጥበቂያ ሽብልቆቹን ፈትተን፣ ጠረጴዛውን በፓራንኮ አንጠልጥለን አወጣን። ከሥሩ የወጣው ነገር እንደ አፈር ንብብር ነው፦ ከላይ የርግብ ላባና ጭቃ፣ ቀጥሎ የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ፣ ቀጥሎ የናስ፣ ከሁሉም በታች ግራሶ የበላ የብረት ብናኝ። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቦዮች በአንዱ 1969 የሚል ዐሥር ሳንቲም ተጣብቆ አገኘን። ልጁ አጥቦ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

የእህቴ ልጅ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መንሸራተቻውን ሊፈትግ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ከወረቀቱ የሚረግፈው አሸዋ ጊዛው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኗ በሄደች በመጣች ቁጥር ራሷን ስትሞርድ ትኖራለች። ስለዚህ ነጭ ጋዝ፣ የናስ ቡርሽ፣ የእንጨት መፋቂያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምላጭ ተኝቶ። አንድ መዳፍ የማይሞላ ቦታ ለማጥራት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ገደማ ከዝገቱ ሥር ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ጭረቶች ብቅ አሉ። ሌስተር ውስጥ አንድ ሠራተኛ በፋቂ ብረት፣ በእጁ ያወጣቸው ናቸው። ጥልቀታቸው ከፀጉር ያንሳል፤ ዘይት እንዲቋጥሩ ነው የተሠሩት። እነሱ ካሉ መንሸራተቻው አላለቀም ማለት ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ዳሰሱት፤ «ገና ናት» አሉ። ያን ቀን ምሳ ሳንበላ ዋልን።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ የእኔን ጥፋት መዝለል አልችልም። ያን የግራሶ ሰውዬ ባዘንኩለት በሳምንቱ እኔም ያንኑ ሠራሁ። ጭረት የተቀረጸባቸው የመዘውሮቹ ቀለበቶች ዝገዋል። ሎሚ ዝገት እንደሚያነሳ አውቃለሁ፤ ትንንሽ ብሎኖችን አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ እንደ አዲስ አውጥቻለሁ። ቀለበቶቹንም ዘፈዘፍኩና ለቅሶ ደርሼ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ዝገቱ ሄዷል፤ ከዝገቱ ጋር ክሮሙ ተልጦ፣ የአንደኛው ቀለበት ቁጥሮች ጠፍተዋል። አሲድ መቼ እንደሚያቆም አያውቅም፤ ማውጣት ያለበት ሰው ነው። ቁጥሮቹን በመርፌና በቀለም መልሼ ጻፍኳቸው፤ ይነበባሉ፣ አያምሩም።

መጣኞቹን ቁራጮች ምናለሽ ተራ ድረስ ፈልጌ አላገኘሁም። አሮጌዎቹን ማጠብ ደግሞ አይሆንም፤ ውስጣቸው ማጣሪያና መመለሻ ከልካይ አለ፣ አንዴ ግራሶ ከገባው አይለቅም። ቧንቧዎቹን ከፋርማሲ በገዛነው መርፌ ነጭ ጋዝ እየገፋን ከፈትናቸው፣ በየነጥቡ ላይ ዘይት በእጅ የሚጨመርበት ክዳን ገጠምን። ዘይቱ የመንሸራተቻ ዘይት ነው፣ ቁጥር 68። የመኪና ሞተር ዘይት ርካሽ ነውና ብዙ ሰው ያንን ይጨምራል፤ እሱ ግን የተቀመመው ቆሻሻን ተሸክሞ ወደ ማጣሪያ እንዲወስድ ነው። ማጣሪያ በሌለበት ማሽን ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚወስደው ወደ መንሸራተቻው ነው።

መብራት ባስገባን ቀን መቁረጫው አልቆርጥ ብሎ ብረቱን እያሸ አጨሰ። ልጁ ደነገጠ። የምትዞረው በተቃራኒው ነበር። በሦስት ፌዝ ሞተር ይህ ቀላል ነው፤ አጥፍቶ ከሦስቱ ገመዶች የሁለቱን ቦታ መለዋወጥ ነው። ያ መቁረጫ ግን ጥርሱ ተቃጥሎ ቀረ። ያለ መቁረጫ አዙሬ ሳላይ ማስጀመሬ ስህተት ነበር።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ሥራ ያበላሸው ደግሞ ኢንች ነው። እንግሊዝ አገር ተሠርታ የኢንች መዘውር ነው ያላት፤ አንድ ጭረት የኢንች አንድ ሺሕኛ ነው፣ 0.0254 ሚሊ ሜትር። አንድ ሙሉ ዙር 200 ጭረት፣ ማለትም 5.08 ሚሊ ሜትር። ልጁ አምስት መስሎት 10 ሚሊ ሜትር ለማራቅ ሁለት ዙር አዞረ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከሚገባው በ0.16 ሚሊ ሜትር በልጠው ተራራቁ፣ ክዳኑ አልገጠመም። «አጎቴ፣ በትክክል ነው ያዞርኩት» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ማሽኗ ምን እንደምትቆጥር ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አሁን ከራሷ አጠገብ ግድግዳው ላይ የመለወጫ ሠንጠረዥ በትልቁ ተጽፏል።

ዛሬ ትሠራለች። የጠረጴዛዋ ዘንግ መሐል ላይ ተበልቷል፤ ሁሉም ሰው የሚሠራው መሐል ላይ ስለሆነ ጫፎቹ ገና አዲስ ናቸው። ስናወጣት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ትዞር ነበር፤ ለሁለት የተከፈለውን የነሐስ ዳዶዋን አጥብቀን ወደ 0.2 አወረድነው። ከዚያ በታች ጫፍ ላይ ትነክሳለች፣ ስለዚህ እዚያው ተውናት። የተሰበረውን መዘውር ጎረቤቴ ያለው ቶርኖ ቤት ከድፍን ብረት አወጣልኝ። የጎበጠው እጀታ እንደጎበጠ ነው።

በየዘይት ቀዳዳዋ አጠገብ ልጁ በነጭ ቀለም ጽፎበታል፦ «ዘይት ብቻ፣ ቁጥር 68። ግራሶ ክልክል ነው።» በወርክሾፓችሁ እንዲህ ያለች ማሽን ካለች፣ ዛሬውኑ ጻፉባት።