ያወጣ ያመጣል

ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም፤ ዳገት ደግሞ ከነጭራሹ ጠልቷል። እንዲያም ሆኖ በየሳምንቱ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ እወርድና አንዲት ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ ከልጅ ልጄ እኩዮች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ፣ ቡድኔ ጎል ሲስት አይቼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ «ለቅዳሴ ጊዜ ጉልበቴን ትላለህ፣ ለኳስ ጊዜ ግን ፈረስ ነህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። መልስ ስለሌለኝ ዝም ብዬ ኮቴን እለብሳለሁ።

የቡድኔን ስም አልጽፍም። ከጻፍኩ ግማሹ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሌላው ግማሽ ሊያጽናናኝ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ሁለቱም ይቅርብኝ።

ያለፈው እሁድ ጨዋታው ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ባዶ ለባዶ እያለን፣ ሪጎሬ አገኘን። ልጆቹ «ፔናሊቲ» ይላሉ፤ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ «ፍጹም ቅጣት ምት» ይላል። እኔ ያደግሁት በሪጎሬ ነው፣ ሪጎሬ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሻይ የምታዞረው ልጅ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። አጥቂያችን ኳሷን አነሳት፤ በማልያው ጠረጋት፤ ሳማት፤ አስቀመጣት፤ መልሶ አነሳት። ደግ፣ ይሁን። ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ለሐዋርያዊ ሥራ የሚሄድ ይመስል ራቀ። ከዚያ መጣ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ! ዘለል ዘለል አለ፣ ትከሻውንም ነቅነቅ አደረገ። በረኛውን ሊያታልል ነው አሉኝ። በረኛው ግን አልተታለለም፤ የተታለልነው ሻይ ከፍለን የተቀመጥነው ነን። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ካሜራው ሊከተላት ቀና ብሎ ሰማይ አሳየን። የጠራ ሰማይ ነበር።

«ለጥቂት!» አለ ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ።

ዞር ብዬ አየሁት። ልጄ፣ ለጥቂት የሚባለው ቋሚውን ታክካ ስትወጣ ነው። ይቺን ኳስ ለጥቂት የሳታት አሞራ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ምክንያት ይዘንባል። ሜዳው ነው፤ ዳኛው ነው፤ ሣሩ ረዝሟል፤ ጫማው አዲስ ነው። የልጅ ልጄ ስልኩን አውጥቶ «አባባ፣ በቁጥር ብናየው እኮ ማሸነፍ ነበረብን» አለኝ። ሙከራው ሁሉ ተመዝኖ ስንት ጎል ሊሆን ይገባው እንደነበር የሚያሰላ ዘዴ አለ አሉ፤ በእሱ አንድ ነጥብ ምናምን ለዜሮ ነጥብ ምናምን መርተናል። ደስ አለኝ። ሦስቱን ነጥብ ከየትኛው ቢሮ እንደምንቀበል ብጠይቀው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሳይንስ መጣብኝ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከሚገባው በላይ ትበራለች አለኝ። ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጨዋታው የነበረው ሐዋሳ ነው፤ ሐዋሳ ከእኛ ሰፈር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እኔ የተጫወትኩት እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ለራሳችን እንኳ በማይበቃበት ቦታ ነው። እኛ ነበርን ሰማይ መምታት የነበረብን። አልመታንም። ለምን እንዳልመታን ልንገራችሁ።

ሜዳችን ተዳፋት ነበር። አንደኛው ጎል በባሕር ዛፉ በኩል ነው፤ ሌላው ከኋላው ምንም የለውም። ምንም ስል ከተማው አለ ማለቴ ነው፤ ከታች፣ ሩቅ። አንግሉ ሁለት ድንጋይ፣ ኳሷ የእናታችን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ በሲባጎ የታሰረች። በዚያኛው ጎል የሳተ ኳሷን አይቶ አይጠግባትም፤ እየተንከባለለች በጫካው ትወርዳለች፣ ትወርዳለች። ሕጉም አንድ ብቻ ነበር፦ ያወጣ ያመጣል። ዳኛ የለ፣ ማልያ የለ፣ ቢጫ ካርድ የለ። ያወጣ ያመጣል። የጌታ ልጅ ሆነ የድሃ፣ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ አንዴ ከሳተ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዳገቱን ደግሞ ኳሷን አቅፎ ይወጣል። ሲመለስ ጨዋታው አልቆ፣ ልጁ ሁሉ እራት በልቶ ያገኘዋል።

አንድ ቀን እኔው ራሴ አወጣኋት። ብወርድ ብወርድ የለችም። ኋላ ባያት፣ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ጀርባቸውን እንዳይቆረቁራቸው ከሸክሙ ስር ሸጉጠዋታል። «እማማ፣ ኳሳችን ናት» ብላቸው «እሷን ላወጣ ሸክሜን ላወርድ ነው? እስከ ሽሮ ሜዳ ታድርሰኝና ትወስዳታለህ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። ትንሽ እንደሄድን ስላዘዙኝ ነው ስላዘንኩላቸው ነው ሳላውቀው፣ ግማሹ እንጨት እኔ ትከሻ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያኛው ጎል ስመታ ደረቴን ኳሷ ላይ እደፋለሁ። ወደ ኋላ የተንጋለለ ሰው ኳሱም ይንጋለላል፤ ቋሚው እግርህ ከኳሷ ጎን፣ ቁርጭምጭሚትህ ጥብቅ፣ ዓይንህ መሬት። ይህን ያስተማረኝ አሠልጣኝ የለም። ያስተማረኝ እንጨቱ ነው።

ባሕር ዛፉ በኩል ያለውን ጎል የሳተም የዋዛ አልነበረም። ወደ ጎን ከሄደች የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ትገባለች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት ደብር ነው፤ የጨርቅ ኳስ የሚቀባበሉበት አይደለም። መሪጌታው ኳሷን ይዘው ይቆማሉ። ገንዘብ አይጠይቁም፣ አይማቱም። «አንድ ንጉሥ ድገምና ውሰድ» ይላሉ። አንድ ንጉሥ ማለት አሥር መዝሙር ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ዳዊት ያጠናሁት ኳስ በመሳት ነው፤ አሥራ አምስቱንም ንጉሥ ሳልጨርስ አነጣጥሬ መምታት በመጀመሬ ትምህርቴ ተቋረጠ።

የዛሬ ልጆች ግን በሰዓት እየተከፈለ፣ ዙሪያውን በመረብ በታጠረ ሜዳ ነው የሚጫወቱት። ኳሷ መረቡን መትታ እግራቸው ስር ትመለሳለች። ቢስቱ ምን ገዷቸው! ትልልቆቹማ ኳስ ከሳቱ አንድ ሕፃን ሮጦ ሌላ ያቀብላቸዋል። ሚሊዮን ብር የሚከፈለው ሰውዬ ያወጣል፣ ምንም የማይከፈለው ልጅ ያመጣል።

ሁሉም ይስታል ትሉኝ ይሆናል። ይስታል። የጣልያኑን ባጅዮን የሚያህል ሰው በ1986 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ሪጎሬ ከአግዳሚው በላይ ሰዶ ዋንጫውን ለብራዚል ሰጥቷል። ያን ሌሊት እኔም አልቅሻለሁ፤ ጣልያንን ስለወደድኩ አይደለም፣ አቋቋሙ ስላሳዘነኝ ነው። የእኛም ሳላዲን ሰይድ አለ። 31 ዓመት ጠብቀን ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስንገጥም ሪጎሬውን የዛምቢያው በረኛ ምዊኔ አዳነበት። እሱን ግን አልወቅስም። አንደኛ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን እዚያ ስንደርስ አንዷ ጎል የእሱ ነበረች። ሁለተኛ፣ በእኛ ሰፈር ሕግ በረኛ ያዳናት ኳስ ታናድዳለች እንጂ አታስወርድም፤ ወደ አንግሉ መትቷልና። እንዲያውም በረኛችን በቀይ ወጥቶብን፣ አንድ ገብቶብን፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጥተናል። ያን ጊዜ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሁሉ መወርወሪያውን ጥሎ አስፋልት ላይ ነበር።

ጥር 13 ደግሞ ዝም ብላ ቀን አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድነው በዚያችው ቀን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አጎቴ ከእንጦጦ አውርዶ ስታዲየም ወሰደኝ። ሁለቴ መሩን፣ ሁለቴ ደረስንባቸው። መጀመሪያ ተክሌ ኪዳኔ፣ ኋላ ኢታሎ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ደገመ፣ መንግሥቱ ወርቁ አሠረው። ጃንሆይ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሰጡ አይቻለሁ ብዬ ለልጆቼ ነግሬያለሁ። አሁን ስላረጀሁ ልናዘዝ፦ ያየሁት ከፊቴ የተቀመጠውን ወፍራም ሰውዬ ባርኔጣ ነው። ጎሎቹን ያየሁት በባርኔጣው ጠርዝና በጆሮው መሀል ነው። ቢሆንም አንዲትም ሰማይ ስትወጣ አላየሁም፤ ብትወጣ ኖሮ ከባርኔጣው በላይ አያት ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የሴካፋን ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር በሪጎሬ ስንለያይ እንጦጦ ቤቴ ነበርኩ። የሬዲዮኑ ድንጋይ አልቆ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር፤ ያ ሁሉ ፀሐይ የሚበቃው ለአንድ ሰዓት ነው። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እየደከመ ሄዶ ሄዶ ትንፋሹ ብቻ ሲቀር ጆሮዬን ለጥፌ ነው አሸናፊነታችንን የሰማሁት። እነዚያ ልጆች ሲመቱ ዘለል ዘለል ይበሉ አይበሉ አላየሁም። ግን ገባ! ገባ ነው የሚለው ደምሴ።

«አባባ፣ አሁንም እኮ የሚያገባ አለ» ይለኛል የልጅ ልጄ። «አቡበከር ናስር በ2013 በአንድ ዓመት ብቻ 29 ጎል አግብቷል።» አውቃለሁ። ከዚያስ? ደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ሊጋችን እንዲህ ነው፤ የሚያገባው ይወጣል፣ የሚያወጣው ይቀራል።

ለእኔ ነገሩ የተበላሸው ካታንጋ ዝም ያለ ጊዜ ነው። ይህን የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫ የማታውቁ ልጆች፣ ከማን አንሼን፣ ሚስማር ተራን፣ ጥላ ፎቅን አባቶቻችሁን ጠይቁ። አንድ አጥቂ ስቶ ካታንጋ የሰደዳት ኳስ ብቻዋን አትመለስም ነበር፤ ምክር ታቅፋ ነው የምትመለሰው። ስለ እግሩ፣ ስለ ዓይኑ፣ ማታ ስላመሸበት ቤት ሳይቀር ተነግሮት፣ በሚቀጥለው ሳምንት መሬት ለመሬት ይመታ ነበር። ይኸው እሱም ያወጣ ያመጣል ነው፤ በሌላ መልክ። ከ2013 ወዲህ ግን ቡድኖቹን ሁሉ አንድ ከተማ ሰብስቦ፣ ሲበቃው ወደ ሌላው ማዞር መጣ፦ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ከተሞቹን እወዳቸዋለሁ። ግን እኔ ሽሮ ሜዳ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ላይ ብጮህ አጥቂያችን አይሰማኝም። የሚሰማኝ ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ጆሮው ላይ መጮሄን ለባለቤቴ ከሷል።

ብሔራዊ ቡድናችንማ የባሰ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የ1954ቱ ስታዲየም ለስታንዳርድ አልበቃም ተብሎ፣ ባለቤቱ በሰው አገር እንግዳ ተቀባይ ሆነ። እልል ብዬ ሳበቃ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ኳስ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሜዳ ሲወጣ ግን ያየሁት በዚህ ዘመን ነው። ማን እንዳወጣው ለመፍረድ አልቀመጥም። ሕጉ ግን ያው ነው።

አሁን ለቡድኖቹ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም። አጥቂዎቻችሁን ለአንድ ሳምንት እንጦጦ ላኩልኝ። ሁለት ድንጋይ አላጣም። ካልሲም ባለቤቴ ትሰጠናለች፤ ኮቴን ይዤ ውጭ ከማመሽ ይሻላታል። በከተማው በኩል ባለው ጎል ይመታሉ፤ የሳተ ይወርዳል። ምግቡ በልኩ፣ ዳገቱ በነጻ። ሯጮቻችን በየንጋቱ የሚለማመዱበት ጫካ ስለሆነ፣ ቢያቅታቸውና አነጣጥሮ መምታት ባይለምዱ እንኳ በሳምንቱ መጨረሻ ጥሩ የ10,000 ሜትር ተወዳዳሪ ሆነው ይወጣሉ፤ አገሪቱ በሁለቱም አትከስርም።

እስከዚያው እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ጨዋታ አለን። ከፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር የእኔ ናት፤ ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ነው። ቀድማችሁ የምትደርሱ እባካችሁ እንዳትቀመጡባት።