ከአንድ ደመና ወርደው

እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ወይ ለስለት ወይ ለጸበል ነው፤ ካልሆነም ከተማውን ቁልቁል ለማየት። ጓደኛዬ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ይሳለምና ቀጥሎ የሚያወራው ስለ ውሃ ነበር። ለረጅም ዘመን አብረን የጉድጓድ ውሃ ጥናት ሠርተናል። መስክ ስንወጣ አንድ መኪና፣ አንድ አልቤርጎ፣ አንድ ትሪ ነበርን። የሄድንበትን አገር ሁሉ የሚያያይዘው ከዚህ ተራራ ጋር ነበር።

«ይኼን ጀርባ ልብ በልልኝ» ይለኛል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። በሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ ከሙገር ጋር አባይን ይቀላቀላል። አንዱ ሜዲትራኒያን ድረስ ይዘልቃል፤ ሌላው ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። «ከአንድ ደመና ወርደው!» ሲል ድምፁ ይለወጥ ነበር። ሁለቱንም ተከትለናል።

በአባይ በኩል፣ ጎሐ ጽዮንን አልፈን በረሃውን ስንወርድ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውን ቀይረን ትንሽ እንደሄድን ሌላው ደገመ። ሾፌራችን ጎማውን በጭነት መኪና አስጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ደጀን ሄደ፤ እኛ በጨለማ ቀረን። እኔ ስለ ሌባና ስለ አውሬ ሳስብ እሱ ባትሪውን አብርቶ የመንገዱን ዳር ግድግዳ ያነብልኝ ጀመር። ከላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰም፣ ከታች አሸዋ ድንጋይ። ኖራ ድንጋዩን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ይህ ቦታ ድሮ የባሕር ወለል እንደነበር ነገረኝ። ሾፌሩ ሲመለስ ንጋት ሆኗል፤ ፍርሃቴ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም።

በአዋሽ በኩል አሳይታን አልፈን አሸዋ ዋጠን። አንድ አፋር አርብቶ አደር መጣ። እኔ ቶሎ ግፋልን ልለው ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። ዳጉ አለ፤ ወሬ ሳይለዋወጡ ጉዳይ አይነሣም። ተቀምጦ ከየት እንደመጣን፣ በመንገድ ያየነውን ሣርና ዝናብ፣ የገበያውን የከብት ዋጋ ሳይቀር ተናገረ፤ የሰውየውንም እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ሰው ተጠራ፣ ወተት መጣ፣ መኪናውም ወጣ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን እዚሁ እንጦጦ የገጠመን ነው። ነሐሴ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 የነገሡበትን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወጣን። ሁሉም ስለዚያ ንግሥ ያወራል፤ እሱን የሚያሳዝነው ግን እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ፍልውሃን ወደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት እቴጌ፣ ምኒልክ ካረፉ በኋላ ወደዚሁ ብርድ ተመልሰው በ1910 እዚሁ ዐረፉ። ይህን እያወራን ውሃው የሚለያይበትን መሥመር በእግር ፍለጋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን፤ ጉሙ ወረደና መንገዱ ጠፋን። ሊመሽ ሲል ጅብ መጮህ ጀመረ።

ያገኙን እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው። «ልጆቼ፣ ከኋላዬ ኑ» አሉን አንዲት እናት። ሸክማቸው ከጎን እስከ ጎን መንገዱን ይሞላል። ጓደኛዬ ካልተቀበልኩዎት ብሎ ለመናቸው። ገመዱ ትከሻው ላይ ሲጠብቅ አየሁት፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው ባያነሡት ኖሮ ከመሬት አይነሣም ነበር። ጭቃው ላይ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ሄደ፣ እናትየው ሳቁና ሸክማቸውን መልሰው ወሰዱ። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ስንመርጥ ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት የመንደሩን ሴቶች ይጠይቅ ነበር፦ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው፣ ተሸክማችሁ ስትመለሱ ዳገቱ በየት በኩል ነው? ውሃ ከዳገቱ ሥር መገኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከመንደሩ በላይ የሚቆፈርበት ቦታ ካለ እሱን አጥንቶ ሳይጨርስ አይመለስም። በዚህ የተነሣ ከአለቆች ጋር ስንት ጊዜ ተጋጭቷል! የሠራውን ሁሉ ብረሳ እንኳ ይህን አልረሳለትም፤ ከእሱ ጋር ከሠራን ባለሙያዎች መካከል እንዲህ የጠየቀ ሌላ አላየሁም።

አንድ ክርክር ሳንጨርስ ሄደ። የእንጦጦ ማርያም ጣሪያ ላይ ያረፈው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ የአባይ ነው ይል ነበር። እኔ ሁሉም ወደ አዋሽ ነው እላለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ለክተን እንለያለን ተባብለን ነበር፤ ሕመሙ ቀደመን። በተዝካሩ ዕለት ሴት ልጁ የአባቷን የቅየሳ መሣሪያ ከሣጥኑ አውጥታ አሳየችኝና አጠቃቀሙን ጠየቀችኝ። መስከረም ላይ ጭቃው ሲደርቅ አብረን እንወጣለን። እሷ ከወዲሁ የአባቷን ወገን ይዛለች፤ እኔም ከአዋሽ ንቅንቅ አላልኩም።