መብራት ባይጠፋ ምን ይውጠን ነበር?

በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ያሉ ፋብሪካዎች ተሰብስበው ለመብራት ኃይል የምስጋና ምስክር ወረቀት ሊሰጡ ይገባል። የማሽን መቆም ሪፖርት አገላብጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሐሳብ አይቃወምም። ቤሪንግ ሲበላ፣ ቺንጋ ሲበጠስ፣ ጥሬ ዕቃ የጫነው መኪና ሲዘገይ፣ ኦፕሬተሩ ሻይ ቤት ሲቆይ፣ ቅጹ ላይ የሚነበበው አንድ ነው፤ መብራት ጠፋ።

መብራት ደግሞ በእርግጥ ይጠፋል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሞተር ተቃጥሎ ሥራ ሲቆም ልምድ ያለው የሺፍት ኃላፊ እስክሪብቶ አያነሳም፤ ይጠብቃል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ለ10 ደቂቃ ሄዶ ከተመለሰ ሞተሩ ከነክብሩ ዳነ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ሁሉ በዚያች 10 ደቂቃ ስም ይመዘገባል። መብራት ኃይል እንደሆነ መጥቶ አይከራከርም። እዚሁ ወለጋ ያለው የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረ፣ 134 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነው፤ በኋላም የነሼ ማመንጫ ተጨምሯል። ወለጋ ለአገሩ መብራት ይልካል፤ ለራሱ ሰበቡን ያስቀራል።

የቅጹ አሞላልም ሊደነቅ ይገባዋል። ማሽኑ የሚቆመው በሺፍቱ መሃል ነው፤ የሚጻፈው ግን ቱታ ከወለቀ በኋላ፣ ሰርቪሱ ጥሩንባ እየነፋ፣ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ትንፋሽ ነው። ለዚህም ይሆናል ማሽኖቻችን ሲቆሙ እንኳ ጨዋነት የማይለያቸው፤ 30 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 1 ሰዓት ተኩል እየሞሉ ይቆማሉ። 7 ደቂቃ የቆመ ማሽን በመዝገብ ታይቶ አይታወቅም። ከረጢት ሲሰነቀር፣ ቺንጋ ሲንሸራተት የሚሄዱት ሦስት ሦስት ደቂቃዎችማ ለቅጽ የሚመጥኑ አይደሉም። በአንድ ሺፍት 40 ጊዜ ቢደጋገሙ 2 ሰዓት ይሆናሉ፤ የሺፍቱ ሩብ። ቢሆንስ? ማን ለሩብ ሺፍት ብሎ ሰርቪስ ያመልጠዋል?

ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ የማሽንን ውጤታማነት ለመለካት ሦስት ነገሮች ይባዙ አለ፤ ማሽኑ የሠራበት ጊዜ፣ የሠራበት ፍጥነትና የምርቱ ጥራት። 90 በመቶ በ95፣ ያም በ99.9 ሲባዛ 85 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ዓለምም ይህን ቁጥር የጥሩ ፋብሪካ ምልክት አድርጎታል። እኛ ናካጂማን የበለጥነው በመቀነስ ነው። ሺፍቱ 480 ደቂቃ ነው እንበል፤ ማሽኑ 150 ደቂቃ ቆሟል። እንደ ጃፓኑ ቢሰላ የሠራበት ጊዜ 69 በመቶ አይሞላም። በእኛ አሠራር ግን ከ150ው ውስጥ 100 ደቂቃው ከሰዓት በኋላ «የታቀደ ጥገና» ይሆናል (ጠዋት ሲሰበር ያቀደው ሰው አልነበረም፤ ከምሳ በኋላ ተገኝቷል)። 40ው የመብራት ነውና እኛን አይመለከትም። ሁለቱ ከሺፍቱ ላይ ይቀነሱና 340 ደቂቃ ይቀራል፤ ማሽኑ 330ውን ሠርቷል። 97 በመቶ! ይህ ቁጥር በር ላይ ባለው የካይዘን ሰሌዳ በአረንጓዴ ይሰቀላል፤ እንግዳ ሲመጣም ፎቶ ይነሳበታል።

ለዚህ ጥበብ የማይመቸው ስኳር ፋብሪካ ነው። ፊንጫ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመርታል፤ ከማስፋፊያው በኋላ በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጭ ታስቦ ነበር። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የአንድ ደቂቃ መቆም ከ8 ቶን በላይ አገዳ ሳይፈጭ መቅረቱ ነው፤ በጨዋዎቹ 30 ደቂቃ ሲታሰብ 250 ቶን። የተቆረጠ አገዳ ደግሞ ቅጽ አይሞላም፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ስኳሩን እያጣ ይሄዳል። መብራት ጠፋ ማለትም አያዋጣም፤ የስኳር ፋብሪካ ቦይለር የሚነደው ባጋስ በሚባለው የአገዳው ጭማቂ አልባ ገለባ ነው፤ ኃይሉንም ከዚያው ያመነጫል። ግን ለሰበብ አዋቂ መላ አይጠፋም። የትኛውም አገር ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ወፍጮ ክፍል «እንፋሎት አነሰን» ሊል ይችላል፤ ቦይለር ክፍል «ባጋስ አልመጣልንም»፤ ትራንስፖርት «ግቢው ሞልቶ አላራገፍንም»፤ እርሻ «ዘነበ»። አራቱም እውነት ተናግረዋል። መጀመሪያ የቆመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ ብቻ ቅጹ ላይ የለም።

ወለጋ ውስጥ እኮ ለመቆም በቂ ምክንያት ሞልቷል። ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር መንገድ ዘግቷል፣ ሠራተኛ በትኗል፤ መለዋወጫም የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ ይከርማል። እነዚህ ሁሉ ከሻይ ቤቱ ቆይታ ጋር በአንድ ዓምድ ስለሚታጨቁ ግን፣ አዲስ አበባ ያለው አለቃ እውነተኛውን ሲያነብም ፈገግ ይላል።

ወደ ኋላ የቀረው የኡኬው ባለ ወፍጮ ነው። ከነቀምቴ በቡሬ መንገድ ወደ አንገር ሸለቆ ሲኬድ ባለችው በዚህች ከተማ የእህል ወፍጮ ሲቆም፣ በቆሎ ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ሪፖርት እስኪጻፍ አይታገሡም።

«ኦቦ፣ ዛሬም ቺንጋው ነው?»

«አዎ አዴ፤ በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ነው።»

ስንት ስሕተት በአንድ አፍ! ምክንያቱን በስሙ ጠራው፤ ድግግሞሹን ቆጠረ፤ ያውም በደንበኛ ፊት። ከዚህ የከፋው፣ መለዋወጫ ቺንጋውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያስቀምጣል። የግዢ ጥያቄ የለ፣ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ የለ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የለ። እጁን ዘርግቶ ያወርድና ይገጥማል፤ ሴቶቹ ቡና ሳያፈሉ ወፍጮው ይነሳል። እንዲህ ያለ ሰው ዘመናዊ አሠራር ከየት ይማራል?

ስለዚህ ለኡኬና ለአካባቢዋ ባለ ወፍጮዎች ነቀምቴ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ሆቴል፣ አበል፣ ቲሸርት፣ ሁለት የሻይ ዕረፍት። ቅጹን እኛ አባዝተን እናመጣለን። በእነዚያ ሦስት ቀናት ወፍጮዎቹ መቆማቸው አይቀርም፤ እሱ ችግር የለውም፣ «የታቀደ» ውስጥ እንጽፈዋለን።